ዐስር የት ይደርሳል? በሥራ ለተወጠረ የድሬ ሰው





«ሥራ በዛብኝ፣ ሶላቴን በወቅቱ መስገድ አቃተኝ።» ይህን ቃል ከከፊራ ነጋዴ እንሰማለን። ከባጃጅ ሹፌሩም፣ ከፋብሪካ ሠራተኛውም፣ ሦስት ልጅ ከምታሳድግ እናትም እንሰማለን። አብዛኛው ሰው ይህን የሚለው ሶላትን ንቆ አይደለም። ልቡ እያዘነ ነው የሚለው። ማታ ቤቱ ገብቶ ዙህርን ከዐስር፣ ዐስርን ከመግሪብ ደራርቦ ሲሰግድ ደስ አይለውም። «ኢንሻአላህ ሥራው ሲረጋጋ አስተካክላለሁ» ይላል። ሥራው ግን አይረጋጋም። አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይተካል፣ ዓመቱም እንዲሁ ያልፋል።

የዛሬው ትምህርታችን ለዚህ ሰው ነው። ለመውቀስ ሳይሆን አብረን ቁጭ ብለን ሒሳቡን ለመሥራት ነው። እውነት ጊዜው የለም? ካለስ የት እየሄደ ነው?

ንግዱ ከፊትም ከኋላም ነው

በየሳምንቱ ከምንሰማቸው አንቀጾች እንጀምር። በሱረቱል ጁሙዓ መጨረሻ ላይ አላህ ያመኑትን ይጠራል። የጁሙዓ ጥሪ ሲሰማ ወደ አላህ ዝክር እንዲሄዱ፣ መሸጥ መግዛቱንም እንዲተዉ ያዛቸዋል። ቀጥሎ ደግሞ ሶላቱ ሲያበቃ በምድር ላይ ተበትነው ከአላህ ችሮታ እንዲፈልጉ ይነግራቸዋል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስተውል። አንቀጹ የሚያናግረው ሥራ የሌለውን ሰው አይደለም። ከአዛኑ በፊት ገበያ ላይ የነበረ፣ ከሶላቱ በኋላም ወደ ገበያ የሚመለስ ሰውን ነው። ሪዝቅ ፍለጋው አልተነቀፈም፣ እንዲያውም ታዟል። የተጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጥሪው ሲመጣ ቦታውን የሚለቀው ንግዱ ይሁን።

የሱራው የመጨረሻ አንቀጽ የወረደበትን ምክንያት ጃቢር (ረ.ዐ) ነግረውናል፣ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ኹጥባ ላይ ቆመው ሳሉ እህል የጫነ ቅፍለት መዲና ገባ። ሰው ተነሥቶ ወደ ቅፍለቱ ወጣ፣ ከእርሳቸው ጋር የቀሩት 12 ሰዎች ነበሩ። ሶሓቦቹ ይህ የገጠማቸው በዒባዳ ቀልደው አልነበረም። የሚፈለግ ዕቃ መጥቷል፣ ቀድሞ የደረሰ ይገዛል፣ የዘገየ ይቀርበታል። የድሬ ነጋዴ ይህን ስሜት አሳምሮ ያውቀዋል፣ ዕቃ የጫነ መኪና ደረሰ ሲባል የሚሆነውን ያውቃል። አላህም መለሰላቸው፦ እርሱ ዘንድ ያለው ከጨዋታውም ከንግዱም የተሻለ ነው፣ ከሰጪዎችም ሁሉ በላጩ እርሱ ነው።

ስለዚህ የሥራ ውጥረት ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። ከመዲና ገበያ ጀምሮ ነበረ፣ መልሱም ያኔውኑ ተሰጥቷል።

ሒሳቡን እንሥራው

አሁን ወደ ድሬዳዋ ሰዓት እንምጣ። ግዴታ የሆኑት ሶላቶች በቀን 17 ረከዓ ናቸው። ሳይቸኩሉ ቢሰገዱ፣ ከነውዱኡ፣ ሁሉም ተደምረው አንድ ሰዓት ገደማ ቢወስዱ ነው። ከ24 ሰዓት አንዱ ማለት ነው።

ይህም አንድ ሰዓት በአንድ ጊዜ አልተጠየቀም። በአምስት ተከፍሏል፣ ለእያንዳንዱም ሰፊ ወቅት ተሰጥቶታል። እዚህ ድሬ ዙህር የሚገባው እንደ ወቅቱ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ተኩል ባለው መካከል ነው። ዐስር የሚገባው ደግሞ ከ9 ሰዓት ከሩብ እስከ 10 ሰዓት ከሩብ ጉዳይ ባለው ውስጥ ነው። ይህ በሻፊዒይ መዝሀብ አቆጣጠር ሲሆን፣ በዓመቱ ውስጥ በየትኛውም ቀን የዙህር ወቅት ከሦስት ሰዓት በላይ አለው ማለት ነው። ከዐስር እስከ መግሪብ ያለውም ወደ ሁለት ሰዓት ተኩልና ከዚያ በላይ ነው። ለስምንት ወይም ለአሥር ደቂቃ ሶላት ሦስት ሰዓት ተሰጥቶናል።

ሌላም ኒዕማ አለን። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች የሶላት ሰዓታችን ከክረምት እስከ በጋ ብዙ አይዋዥቅም። መግሪብ በዓመቱ ውስጥ ወደፊትና ወደኋላ ቢል ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። ለንደን የሚኖሩ ወንድሞቻችንን ጠይቋቸው። በዲሴምበር አጋማሽ ዙህር በእኛ አቆጣጠር 6 ሰዓት ገደማ ይገባል፣ ዐስር 8 ሰዓት ሳይሞላ ይከተላል፣ ፀሐይም 10 ሰዓት ሳይሆን ትጠልቃለች። ሦስቱ አዛኖች በአራት ሰዓት ውስጥ ይደረደራሉ፣ ያውም ሰውየው ሥራ ላይ እያለ ነው። በጁን ደግሞ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፣ ዒሻእ ገና ከዚያም በኋላ ነው። ከእነርሱ ብዙዎቹ ሰጋጃቸውን ቦርሳቸው ውስጥ ይዘው፣ በዕቃ ክፍልና በደረጃ ሥር እየሰገዱ ሶላታቸውን ጠብቀዋል። እኛ ደግሞ በየሰፈሩ አዛን በሚሰማበት ከተማ ነው የምንኖረው። አልሐምዱሊላህ።

ታዲያ ጊዜው የት ይሄዳል?

የድሬን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ብንከታተለው ጉዳዩ ይገለጣል። ሱብሒ ላይ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ የተነሣ ሰው ይሰግዳል። እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ ሲበረታ ብዙው ሱቅ ይዘጋል፣ ሰው ለምሣና ለእረፍት ወደ ቤቱ ይገባል። ይህ የከተማችን ልማድ ለዙህር ትልቅ በር ነው። በብዙ ከተማ ያለ ሠራተኛ የማያገኘው የእኩለ ቀን እረፍት እኛ ዘንድ አለ።

ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ በዐስር ላይ።

ዐስር ሲገባ ከተማው ከሁለት ሁኔታ በአንዱ ላይ ነው። አንዱ ሰው ከእረፍት ተነሥቶ ሱቁን ለመክፈት ይጣደፋል። ያመለጠውን ደንበኛ ያስባል፣ «አቦ ትንሽ ቆይ፣ ይደርሳል» እያለ ያራዝመዋል። ሌላው ሰው ደግሞ ገና አልተነሣም። ምሣ ተበልቷል፣ በርጫው ሞቋል፣ ጨዋታው ደርቷል። አዛኑ በመስኮት ይገባል፣ ሁሉም ይሰማዋል፣ አንዱ ሌላውን ያያል፣ ማንም ግን አይነሣም። ቀና ሲባል ፀሐይዋ ቢጫ ሆናለች።

የጫትን ሑክም ዛሬ አናነሣም፣ ዑለማዎች ሰፊ ንግግር አላቸው። ግን አንድ ነገር በግልጽ እንነጋገር። ከምሣ በኋላ ሦስት ሰዓት ለመቀመጥ ጊዜ ያለው ሰው፣ ከዚያ ውስጥ አሥር ደቂቃ ለሶላት የለኝም ሊል አይችልም። ለእንዲህ ያለው ሰው «ሥራ በዛብኝ» የሚለው ቃል ትክክለኛ ስሙ አይደለም። ይህን የምንለው ወንድማችንን ለማሳፈር ብለን አይደለም። በሽታውን በስሙ ያልጠራ ሰው መድኃኒቱን ስለማያገኝ ነው። ስልካችንም እንዲሁ ነው። በርጫ የማይቀመጠው ሰው «አንድ ቪዲዮ ብቻ» ብሎ ከፍቶ አዛንና ኢቃማ ሲያልፉት ስንት ቀን ነው?

ስለ ዐስር የመጣው ማስጠንቀቂያ ለነጋዴ ከተማ በሚገባ ቋንቋ ነው የመጣው። ዐስር ያመለጠው ሰው ቤተሰቡንና ንብረቱን እንደተነጠቀ ሰው መሆኑን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ተናግረዋል፣ ሐዲሱ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። አስቡት። ሱቅ በእሳት ቢወድም የምንጮኸውን ጩኸት፣ የምናጣውን እንቅልፍ አስቡት። ዐስርን የሠዋነው ከአንድ ደንበኛ የሚገኝ ትርፍ እንዳያመልጠን ብለን ነበር፣ ኪሳራው ግን ሱቁን ከነዕቃው ነው። ነጋዴ እንዲህ ያለ ሒሳብ በገንዘቡ ላይ አይሠራም።

ሶላቱን እስከ መጨረሻው አዘግይቶ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ተነሥቶ አራት ረከዓ እንደ ዶሮ የሚለቅም ሰውም በሐዲስ ተነቅፏል። ዐስርን ከመግሪብ በፊት በአምስት ደቂቃ ማድረስ የዕለት ልማድ ሊሆን አይገባም።

እያንዳንዱ በየሥራው

ምክር በጥቅሉ ሲሆን ይረሳል። ስለዚህ በየሥራችን እንየው።

*ባለ ሱቅ ከሆንክ፦* ሱቅህን ከሰዓት የምትከፍትበትን ሰዓት ከዐስር ጋር እሰረው። «10 ሰዓት እከፍታለሁ» በማለት ፈንታ «ዐስርን ሰግጄ እከፍታለሁ» በል። ልዩነቱ ጥቂት ደቂቃ ነው፣ ነገር ግን ከዚያ ወዲያ ዐስር አያመልጥህም፣ ምክንያቱም የቀንህ መክፈቻ እርሱ ሆኗል። የጎረቤት ባለ ሱቆች ካሉህ ተራ ግቡ፣ አንዱ ሲሰግድ ሌላው ይጠብቅ። ደንበኛ «ሰግዶ ይመጣል» ሲባል ይጠብቃል። የሚሰግድ ነጋዴ ሚዛኑም ይታመናል።

*ባጃጅ የምትነዳ ከሆነ፦* ከመቀመጫህ ሥር አንድ ሃይላንድ ውሃና ሰጋጃ ይኑር። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ ውሃ ውዱእ ያደርጉ ነበር፣ ይህም አንድ ሊትር የማይሞላ ነው። ውሃ ፍለጋ ሰበብ አይሆንም። ከመጋላ ወደ ከዚራ፣ ከዚራ ወደ ሳቢያን ስትመላለስ በስንት መስጂድ በር ታልፋለህ? አንዱን የዐስር መስጂድህ አድርገው። የዐስር አዛን ሲሰማ የያዝከውን ሰው አድርስ፣ ቀጣዩን ሳትጭን ስገድ።

*የፋብሪካ ሠራተኛ ከሆንሽ ወይም ከሆንክ፦* ዙህር ከምሣ እረፍት ጋር ይገጥማል፣ ከምግቡ በፊት ብትሰግዱት ልባችሁ ያርፋል። ዐስር ከከበደ ኃላፊያችሁን በግልጽና በአክብሮት አናግሩ፦ «አሥር ደቂቃ እፈልጋለሁ፣ ከእረፍቴ ላይ ይታሰብ ወይም ዘግይቼ እወጣና አካክሳለሁ።» ተደብቆ ከመጥፋት ጠይቆ መሄድ ይሻላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 አድርጎ ወስኗል፣ በሃይማኖት ምክንያት በሠራተኞች መካከል ማድላትንም ይከለክላል። በሌላ በኩል የአሠሪው ሰዓት እኛ ዘንድ አማና ነው። አሥር ደቂቃ ብሎ ወጥቶ አርባ ደቂቃ የሚቆይ ሰው የራሱን ስም ብቻ አያጎድፍም፣ ከእርሱ በኋላ የሚጠይቀውን ወንድሙን በር ይዘጋል።

*የጭነት መኪና ሹፌር ከሆንክ፦* ዲናችን አንተን አልረሳም። ከድሬ ወደ ደወሌና ጅቡቲ የሚሄድ ሰው መንገዱ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ መንገደኛ ነው። ከከተማው ከወጣ በኋላ ባለ አራት ረከዓዎቹን ወደ ሁለት ማሳጠር፣ ዙህርን ከዐስር፣ መግሪብን ከዒሻእ ማሰባሰብ ተፈቅዶለታል። ዙህርን ወደ ዐስር ለማዘግየት ካሰብክ ኒያውን በዙህር ወቅት ውስጥ አድርግ። ይህ የአላህ ስጦታ ነው፣ ተጠቀምበት። ወደ ሐረር ደርሶ መልስ ለሚሠራው ግን ልዩነት አለ። ሐረር ከእኛ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነች፣ በሻፊዒይ መዝሀብ ለማሳጠር የሚጠየቀው ከ80 ኪሎ ሜትር ያላነሰ ርቀት አይሞላም። ዝርዝሩን ኡስታዞችህን ጠይቅ።

*እናት ከሆንሽ፦* ያንቺ ሥራ የመውጫ ሰዓት የለውም፣ ይህን አላህ ያያል። ሕፃኑ እስኪተኛ፣ ወጥ እስኪወርድ፣ ቤት እስኪጸዳ አትጠብቂ፣ አያልቅምና። አዛን ሲል ድስቱን አውርጂ ወይም እሳቱን ቀንሺ፣ ልጁን አጠገብሽ አስቀምጪ፣ ስገጂ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የልጃቸውን ልጅ ኡማማን ተሸክመው ሰግደዋል፣ ሱጁድ ሲወርዱ ያስቀምጧታል፣ ሲነሡ ይይዟታል። ልጅ ለሶላት እንቅፋት አይደለም። አባት ሆይ፣ ያቺን አሥር ደቂቃ ልጁን መያዝ ደግሞ ያንተ ድርሻ ነው።

ያመለጠህ ቀን

ይህን ሁሉ አድርገህም አንድ ቀን እንቅልፍ ይወስድሃል። የድሬ ቀትር ከባድ ነው። ያን ቀን ሸይጧን «አየህ፣ ላንተ አይሆንም» ሊልህ ይመጣል። አትስማው።

የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ከኸይበር ሲመለሱ ሌሊት ላይ አረፉ፣ ለሱብሒ እንዲቀሰቅሳቸውም የኛን አገር ሰው ቢላልን (ረ.ዐ) አቆሙ። ቢላል ሲጠብቅ ቆየ፣ ደክሞት ስለነበር ግመሉን ተደግፎ እንቅልፍ ወሰደው። ሁሉንም የቀሰቀሳቸው የፀሐይ ሙቀት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቢላልን አልረገሙም፣ ሰዎቹም በሐዘን ቁጭ አላሉም። ከቦታው ተንቀሳቀሱ፣ ውዱእ አደረጉ፣ ቢላል ኢቃማ አለ፣ ሱብሒን ሰገዱ። ሶላት የረሳም ሰው ባስታወሰ ጊዜ እንዲሰግድ አስተማሩ።

ትምህርቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ያመለጠህን ሳትውል ሳታድር ክፈል፣ ሌላውንም አታስመልጥ። ሁለተኛ፣ እነርሱ ከመተኛታቸው በፊት የሚቀሰቅስ ሰው አዘጋጅተው ነበር። አንተስ ከምሣ በኋላ ጋደም ስትል ማንን አቆምክ? የስልክህ ማንቂያ ለዐስር ተሞልቷል? ሚስትህን፣ ወንድምህን፣ ጓደኛህን «ቀስቅሰኝ» ብለሃል? በርጫ ላይ ያለኸውስ፣ አዛን ሲል «ኑ እንነሣ» የሚል አንድ ሰው ከመካከላችሁ አለ? ከሌለ አንተ ሁን። የመጀመሪያ ቀን ይስቁብሃል። በሳምንቱ አንዱ ይከተልሃል።

ወንዙ ደጃችን ነው

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አምስቱን ሶላት በደጃችን በሚፈስ ወንዝ መስለውታል። በቀን አምስት ጊዜ የታጠበ ሰው እድፍ እንደማይቀርበት ሁሉ፣ አላህም በአምስቱ ሶላቶች ኃጢአትን ያብሳል።

እኛ ድሬዎች ስለ ወንዝ የምናውቀው ደቻቱን ነው። አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፣ ሰው በላዩ ይሻገራል። ከደጋ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ በአንድ ሌሊት ይሞላል። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ያየነውን አንረሳውም፣ የሄዱብንን አላህ ይማራቸው። አንዳንዶቻችን ዒባዳችን እንደ ደቻቱ ሆኗል። አሥራ አንዱን ወር ደረቅ ነው፣ ረመዷን ሲገባ ይሞላል፣ ዒድ ሲያልፍ ተመልሶ አሸዋ ይሆናል። በሐዲሱ የተነገረው ወንዝ ግን በየቀኑ የሚፈስ ነው። አላህ ዘንድ ተወዳጁ ሥራ ጥቂት ቢሆንም የሚዘወተረው ነው።

ስለዚህ ዛሬ ብዙ አንጠይቃችሁም። አምስቱንም በወቅቱ የምትሰግዱ አላህ ያጽናችሁ፣ ለእኛም ዱዓ አድርጉልን። የሚያዳግታችሁ ግን እስከሚቀጥለው ጁሙዓ ድረስ ዐስርን ያዙ። ሌሎቹን ተዉ ማለታችን አይደለም፣ አምስቱም ፈርድ ናቸው። ነገር ግን በከተማችን ቀን ላይ ከሁሉ በላይ የሚፈተነው ዐስር ስለሆነ፣ እርሱ ከተስተካከለ ከበፊቱ ያለው ዙህርም ከኋላው ያለው መግሪብም አብረው ይስተካከላሉ። ሰባት ቀን፣ ሰባት ዐስር። መስጂዱን ዛሬ ምረጡ፣ ማንቂያውን ዛሬ ሙሉ፣ የሚቀሰቅሳችሁን ሰው ዛሬ ንገሩት። ለቤተሰባችሁም ንገሩ፣ ልጆች አባታቸው በዐስር ሰዓት ሲነሣ ካዩ ሌላ ሰባኪ አያስፈልጋቸውም።

አላህ ሆይ፣ ሶላትን ከሚያቆሙት አድርገን፣ ከዝርያዎቻችንም። ሪዝቃችንን ሐላልና በረካ ያለው አድርግልን፣ ሪዝቃችን ካንተ የሚያዘናጋን አታድርገው። በሥራ ብዛት የደከሙትን አግዛቸው፣ በመንገድ ላይ ያሉትን በሰላም መልሳቸው። ከተማችንንና አገራችንን ሰላም አድርግልን። አሚን።

በዛሬዋ ቀን በነቢያችን ላይ ሶለዋት ማብዛቱን አትርሱ፦ አላሁመ ሶሊ ወሰሊም ዐላ ነቢዪና ሙሐመድ።

መልካም ጁሙዓ።